በጅማ የችግኝ ጣቢያና የእንጉዳይ ቤት አዳኙን ክንፈ አጭር ጥንዚዛ መፈለግ፣ መለየትና ማራባት

በጅማ ዙሪያ የቡና ችግኝ የሚያፈላ ወይም በጓሮው ኦይስተር እንጉዳይ የሚያበቅል ሰው፣ ውሃ ባጠጣ ቁጥር ከአፈሩ ላይ ብን ብለው የሚነሡትን ትንኝ መሰል ጥቋቁር ዝንቦች ሳያውቃቸው አይቀርም። ዝንቧ ራሷ የምታደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ ችግሩ የሚመጣው በላይኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ከምትጥላቸው ዕንቁላሎች የሚፈለፈሉት እጮች፣ ሻጋታና ብስባሽ ከመመገብ አልፈው የለጋ ችግኝ ሥር መቆርጠም ወይም በእንጉዳዩ ከረጢት ውስጥ የተዘረጋውን ነጭ ድር መብላት ሲጀምሩ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግሪን ሀውሶች ለዚህ ችግር በሣጥን ተሽጎ የሚገዛ አዳኝ ጥንዚዛ አለ፤ ስሙ ዳሎቲያ ኮሪያሪያ ይባላል። ስለ እርሱ የሰማ ሁሉ «እኛስ ለምን አናስመጣውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የእኔ መልስ ከማስመጣት በፊት በራሳችን ብስባሽ ውስጥ ያለውን የእርሱን ወገን መፈለግ ይቀድማል የሚል ነው፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ለማሳየት ነው።

የጥንዚዛው ቤተሰብ በአማርኛ የተለመደ መጠሪያ ስለሌለው፣ በዚህ ጽሑፍ ከመልኩ በመነሣት ክንፈ አጭር ጥንዚዛ እለዋለሁ።

እንግዳው ማን ነው?

ክንፈ አጭር ጥንዚዛዎች ከ60,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ቤተሰብ ናቸው። እንደ ሌሎች ጥንዚዛዎች የክንፍ ሽፋናቸው ጀርባቸውን በሙሉ አይሸፍንም፤ ከደረታቸው ጥቂት ወረድ ብሎ ስለሚያበቃ ሆዳቸው እንደ ቀለበት ተደራርቦ ወደ ኋላ ተጋልጦ ይታያል። ሽፋኑ አጭር ቢሆንም ብዙዎቹ ጥሩ አድርገው ይበራሉ፤ ረጅሙ ክንፍ በዚያች ጠባብ ሽፋን ሥር በጣም ውስብስብ በሆነ አኳኋን ይታጠፋል፤ የግራና የቀኝ ክንፍ አስተጣጠፍም አንድ ዓይነት አይደለም።

ዳሎቲያ ኮሪያሪያን ክራትስ የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በ1856 እ.ኤ.አ. ገለጸው፤ ለረጅም ዘመን አቴታ ኮሪያሪያ በሚል ስም ይታወቅ ስለነበር የቆዩ ጽሑፎች ላይ አሁንም በዚያው ስም ይገኛል። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ መልኩ ከጥቁር ቡናማ እስከ ጥቁር፣ ሰውነቱ አንጸባራቂና በስስ ፀጉር የተሸፈነ ነው። ምቹ ሙቀት ሲያገኝ ከዕንቁላል ተነሥቶ ጉልምስ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ እጩም ጉልምሱም አዳኞች ናቸው። አንድ ጉልምስ በቀን ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ የዝንብ ዕንቁላሎችና እጮች ሊበላ ይችላል፤ አበባና አትክልት የሚያጠቃው ትሪፕስ የተባለ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ሙሽሬ (ከእጭነት ወደ ጉልምስነት የሚሸጋገርበት ደረጃ) ለመሆን አፈር ውስጥ ሲወርድም አግኝቶ ይበላዋል። ሆዱ ጀርባ ላይ የመከላከያ ዕጢ አለው። በ2021 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በዕጢው ውስጥ አንዱ የሕዋስ ዓይነት መርዙን ሲያመርት ሌላው ደግሞ መርዙ የሚሟሟበትን ፈሳሽ ያዘጋጃል፤ ጉንዳን የሚሸሸው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥንዚዛው ወዳጅና ጠላት የሚለይ አይደለም። በአፈር ውስጥ ያሉ ሌሎች ጠቃሚ ጥቃቅን አዳኞችንም ይበላል፤ ሲጨናነቅ ደግሞ እርስ በርሱ ይበላላል። ክንፍ ስላለውም የተለቀቀበት ግሪን ሀውስ አጥር አይሆነውም። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው፣ ርዝመቱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው የአውሮፓ ጥቁር ጥንዚዛ፣ ኦሲፐስ ኦሌንስ፣ በካሊፎርኒያ ከገባ በኋላ በዚያው ተላምዶ ቀርቷል። የብርቱካን እርሻ ቀንድ አውጣዎችን ስለሚበላ አንዳንዶች ቢወዱትም፣ አንዴ ከሰፈረ በኋላ ይውጣ ቢባል የሚያወጣው የለም።

በአገራችን የውጭ ነፍሳት የሚገባበት መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ለማየት የቅንጨ አረምን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ይህን አረም እንዲበላ የመጣው፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ የሆነው ቅጠል በል ጥንዚዛ ሜዳ ላይ ከመለቀቁ በፊት አምቦ በሚገኝ ኳራንቲን ውስጥ ተይዞ፣ ከአረሙ ጋር ዝምድና ያለውን ኑግን የመሰሉ ሰብሎችን የሚጎዳ መሆን አለመሆኑ ተፈትኗል። ያ ጥንዚዛ አንድ አረም መርጦ የሚበላ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ለሚበላ አዳኝ ጥንቃቄው ሊበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባም። ሕይወት ያለው ነፍሳት ለማስገባት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሥር የወጣው ደረጃ ቁጥር 3ም የሚደነግገው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ትንሽ ብልቃጥ ይዞ ቢያቀርብልዎት፣ አመስግነው እንዳይከፍቱት እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ዝንቡን ይቁጠሩ

አዳኙን ከመፈለግ በፊት ታዳኙ በእርግጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ድንች በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቁረጡና በችግኙ ከረጢት ወይም በመደቡ አፈር ላይ ጫን አድርገው ያስቀምጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀስ ብለው ሲገለብጡት፣ እጮቹ በድንቹ ሥር ተሰብስበው ይገኛሉ፤ እግር የላቸውም፣ ገላቸው አሳልፎ ያሳያል፣ ጭንቅላታቸው ብቻ እንደ ቀለም ነጠብጣብ ጥቁር ነው። በአሥር የተለያዩ ከረጢቶች ላይ ይህን አድርገው ቁጥሩን ይመዝግቡ፤ ኋላ ጥንዚዛው መጥቀም አለመጥቀሙን የሚያውቁት ከዚህ ቁጥር ጋር አነጻጽረው ነው። ድንቹ ሥር ስድስት እግር ኖሮት የሚሮጥ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነና ከጅራቱ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን ዘለላ የወጣለት እጭ ካዩ ግን አይግደሉት፤ የክንፈ አጭሩ ጥንዚዛ እጭ ሊሆን ይችላል።

የት እና እንዴት ይፈለጋል?

ጅማ ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ስለሚዘልቅ ብስባሹ አይደርቅም፤ ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው የቡና ልጣጭ ክምር፣ የጓሮ እንሰት ሥር፣ የከብት በረት ጥግ፣ ያረጀ የእንጉዳይ ከረጢት፣ በጥላ ዛፍ ሥር የተነባበረ ቅጠል፣ ሁሉም ጥሩ መፈለጊያ ናቸው። ትኩስ ሆኖ የሚተነውን የልጣጭ ክምር መሐል ይለፉት፤ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ባለበት ጥንዚዛ አይኖርም። ጠርዙ ላይ፣ ቀዝቅዞ ጥቁር አፈር መምሰል በጀመረው ክፍል ላይ ይፈልጉ።

ቀላሉ ዘዴ ወንፊት ነው። ሁለት እፍኝ ብስባሽ በጤፍ ሳይሆን በሰፋ ያለ ወንፊት በነጭ ትሪ ላይ ይንፉና ዝም ብለው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። በመጀመሪያ ሁሉም የሞተ ይመስላል፤ ከዚያ ፍርፋሪው መሐል የሆነ ነገር ውልብ ይላል። ክንፈ አጭሩ አኳኋኑ ከጉንዳን ይለያል፤ እየተጣመዘ ይሮጣል፣ በጣት ሲጠጉት ደግሞ የሆዱን ጫፍ ወደ ላይ ይቆለምማል። አንድ ቀን በችግኝ ጣቢያ ይህን ስሠራ ለዓመታት አፈር ሲሞሉ የኖሩ እናት አጠገቤ ቆመው ትሪውን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ይቺ ጅራቷን የምትሰቅለው ጊንጥ እንዳትሆን!» ብለው እጄን ያዙኝ። «አይ እማማ፣ መናደፊያ የላትም፤ ማስፈራሪያዋ ናት» ብላቸውም እስከ መጨረሻው አላመኑኝም። እውነቱን ለመናገር ጥንቃቄያቸው ከንቱ አልነበረም፤ ምክንያቱን ከታች እገልጸዋለሁ።

ብዙ ናሙና ለሚፈልግ ማድረቂያ ጉርድ ይሻላል። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የ2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከወገቡ ቆርጠው፣ አንገቱን ወደ ታች ገልብጠው በታችኛው ክፍል ላይ ይሰኩት። አንገቱ ላይ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ጨርቅ ያድርጉ፤ ከላዩ ብስባሹን በልቅነት ይሙሉ፤ ከሥሩ ጥቂት አልኮል ያስቀምጡ። ከላይ አምፖል ሲበራበት፣ መብራት ከሌለ ደግሞ መለስተኛ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ብስባሹ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ስለሚሄድ ነፍሳቱ እርጥበት ፍለጋ ወርደው ይወድቃሉ። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ነፍሳቱን በሕይወት ከፈለጉ ግን በአልኮሉ ፋንታ እርጥብ ሶፍት ያኑሩና በየሰዓቱ ይመልከቱ።

ሌሊት የሚንቀሳቀሱትን ለመያዝ የፕላስቲክ ኩባያ ከአፈሩ ጋር አፉን እኩል አድርጎ መቅበር ነው። ከውስጡ ጨው የተጨመረበት ውሃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይደረጋል፤ የጅማ ዝናብ በአንድ ምሽት ስለሚሞላው፣ ሦስት ጠጠር ላይ የተደገፈ ቆርቆሮ ወይም የጠፍጣፋ ዕቃ ክዳን ከላዩ ሊኖር ይገባል። የኩባያው አፍ ከአፈሩ በግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ ከፍ ካለ ጥንዚዛው ዞሮት ያልፋል፤ ብዙ ሰው ወጥመዴ አልያዘም የሚለው በዚህች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ምክንያት ነው።

ሊያሳስቱ የሚችሉ ሁለት ነፍሳት

ክንፉ አጭር የሆነ ሁሉ ክንፈ አጭር ጥንዚዛ አይደለም። ጅራቱ ላይ እንደ ወረንጦ ሁለት ጠንካራ መቆንጠጫ ያለው ነፍሳት የሌላ ወገን ነው፤ መቆንጠጫውን ካዩ ይተዉት።

ሁለተኛው ከዚሁ ቤተሰብ ቢሆንም አደገኛ ነው። ፔደረስ የሚባለው ጥንዚዛ በኬንያ የናይሮቢ ዝንብ በሚል ስም ይታወቃል። ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ደረቱ ብርቱካንማ፣ የክንፍ ሽፋኑ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ ብርቱካንማ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። አይነክስም፣ አይናደፍም። በደሙ ውስጥ ግን ፔደሪን የሚባል መርዝ ስላለ ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ፣ እንደ እሳት ቃጠሎ የሚመስል ቀይ መስመርና ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ ማታ ወደ መብራት ይመጣል። አንገትዎ ላይ ካረፈ በጥፊ አይምቱት፤ እፍ ብለው ያባርሩት ወይም በወረቀት ያንሡት። ከተጨፈለቀ ቦታውን ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ሳይታጠቡም ዓይንዎን አይንኩ። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ ደማቅ ብርቱካንማ ያለበትን ጥንዚዛ በባዶ እጅ አለመንካት፣ ሌላውንም በእርጥብ የሥዕል ብሩሽ ማንሣት። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በቱቦ በአፍ ስቦ መሰብሰብ ለብስባሽ አይሆንም፤ ሻጋታውም አቧራውም ወደ ሳንባ ይገባል።

አዳኝ መሆኑን መፈተን

ከብስባሽ የወጣ ክንፈ አጭር ሁሉ ዝንብ አይበላም፤ በተለይ በእንጉዳይ ቤት የሚገኙ አንዳንዶቹ እንጉዳዩን ራሱን የሚመገቡ ናቸው። ለመለየት የላብራቶሪ ዕቃ አያስፈልግም። ስድስት የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ወስደው እርጥብ ሶፍት ያንጥፉባቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ከድንቹ ሥር የሰበሰቧቸውን አሥር አሥር እጮች ያድርጉ። በሦስቱ አንድ አንድ ጥንዚዛ ይጨምሩ፣ ሦስቱን ያለ ጥንዚዛ ይተዉ፤ ሁሉንም በስስ ፕላስቲክ ሸፍነውና በመርፌ ወግተው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። በማግሥቱ ይቁጠሩ። ጥንዚዛ በሌለባቸው እጮቹ ሳይነኩ ቆይተው ባለባቸው ግን ሁለት ሦስት ብቻ ከቀሩ፣ የሚፈልጉትን አግኝተዋል። በሁሉም ክዳኖች እጮቹ ሞተው ከተገኙ የደረቀው ሶፍቱ ነውና እንደገና ይጀምሩ።

ጥንዚዛዎቹን እስከ ፈተናው ድረስ ለየብቻ ያኑሩ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ሠላሳ ያህል ጉልምሶችን አንድ ጠርሙስ ውስጥ አሳደርኳቸው፤ ጠዋት ግማሽ ያህሉን፣ የቀሩትን ደግሞ እንደ ሻይ ቅጠል በተበተነ የክንፍ ሽፋን መልክ አገኘኋቸው።

ናሙናው እንዴት ይያዛል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ዳሎቲያና የአገራችን ተመሳሳዮቹ የሚመደቡበት ንኡስ ቤተሰብ በጥንዚዛዎች ዘንድ ለመለየት አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ነው። በአጉሊ መነጽር የምናየው ጥቁረት፣ አጭር ክንፍና የተሰቀለ ጅራት ለመቶ ዝርያ የሚሆን ምልክት ነው፤ ባለሙያውም ቢሆን ዝርያውን የሚወስነው የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ነው። ስለዚህ በስልክ ፎቶ ብቻ «እንግዳው ጥንዚዛ ጅማ ገብቷል» ብሎ ማወጅ ተገቢ አይደለም። የሚጠበቅብን ሌላው ሊያጣራው የሚችል ናሙና ማስቀመጥ ነው።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ይጠቀሙ። አረቄ ውሃው ስለሚበዛ ናሙናውን ያበሰብሰዋል፤ የእጅ ማጽጃ ጄልም አይሆንም። ወንድና ሴት እንዲገኝበት ከአንድ ቦታ እስከ አሥር ጉልምስ ይያዙ። ከውስጡ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ቦታው እስከ ቀበሌው፣ ከፍታው በሜትር፣ የተገኘበት ነገር፣ ለምሳሌ «የቀዘቀዘ የቡና ልጣጭ ክምር ጠርዝ»፣ የተያዘበት ዘዴ፣ የሰብሳቢው ስም እና ቀኑ ይጻፍ። ቀኑን ሲጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አይርሱ፤ የሰባት የስምንት ዓመት ልዩነት ያለበት ጥርጥር፣ አንድ ዝርያ መቼ እንደገባ ለሚያጠና ሰው ናሙናውን ዋጋ ያሳጣዋል። በአቅራቢያው የሚያግዝ ባለሙያ ሊገኝባቸው የሚችሉት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እና በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ናቸው። ከውጭ የገባ የችግኝ አፈር ወይም የኮኮናት ቃጫ አጠገብ የተገኘ ጥንዚዛ ከሆነ ይህንኑ በተለይ ይጻፉ፤ እንግዳ ነፍሳት የሚጓዘው እንዲህ ባለው ዕቃ ውስጥ ነው።

የአገሩን አዳኝ በባልዲ ማራባት

በውጭ አገር ያሉ አብቃዮች ዳሎቲያን በየጊዜው ከመግዛት ይልቅ በባልዲ ማራባት ለምደዋል። ዘዴው ለእኛው ጥንዚዛ ሊሞከር ይችላል፤ ሁሉም ዝርያ ምግቡን ስለማይቀበል ግን ከአንድ በላይ ባልዲ መጀመር ይሻላል።

የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ሽታው እስኪጠፋ ይጠቡ። ክዳኑን በመዳፍ ልክ ቀደው ጥቅጥቅ ባለ ስስ ጨርቅ በማጣበቂያ ይሸፍኑት፤ ሻሽ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ዝንቡን ያስገባል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና የደቀቀ የቡና ገለፈት እኩል ቀላቅለው፣ በእንፋሎት ግማሽ ሰዓት አሙቀውና አቀዝቅዘው ባልዲውን እስከ ግማሹ ይሙሉ። ማሞቁን አይዝለሉ፤ ካለዚያ የሚያራቡት ዝንቡን ይሆናል። እርጥበቱን በጭብጥዎ ይለኩ፦ ሲጨብጡት ቅርጹን ይዞ የሚቀር፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት።

በፈተናው አዳኝነታቸው የተረጋገጠ ከአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ጉልምሶችን፣ ቢቻል ሃምሳ ያህል፣ ይጨምሩ። ምግባቸው እንደ ዱቄት የደቀቀ የጫጩት መኖ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ከላይ ይበተናል። ቀድሞ የተበተነው ሻግቶ ከተገኘ የሚቀጥለውን ይዝለሉ። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃቸዋልና የጅማ መኖሪያ ቤት ጥግ ያለ ማሞቂያ ይስማማቸዋል፤ ፀሐይና ምድጃ ብቻ ይራቁ። በሳምንት አንዴ ብስባሹን በእጅ ቀስ ብሎ ማገላበጥ ይጠቅማል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ እፍኝ ወደ ትሪው ሲያወጡ ጉልምሱም እጩም ሲርመሰመስ ካዩ ተሳክቷል ማለት ነው።

የሚለቀቁት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከረጢቶቹ ውሃ ጠጥተው አፈሩ ርጥብ ሳለ ነው፤ ቀን ከተለቀቁ በርረው ይሄዳሉ። ከባልዲው ብስባሹን ከነጥንዚዛው በትንሽ በትንሹ በየከረጢቱ ላይ ይቆንጥሩ፤ ለሚቀጥለው ዙር አንድ ሦስተኛውን ያስቀሩ። በዚያ ሳምንትና ከዚያም በኋላ ፀረ ተባይ አፈሩ ላይ መርጨት ድካሙን ሁሉ ገደል መክተት ነው። የሚለቁትም ጥንዚዛው በተሰበሰበበት አካባቢ ብቻ ይሁን፤ የሰቃን ጥንዚዛ ለቦንጋ ዘመድ መላክ፣ ርቀቱ ቢያጥርም፣ ከላይ የተነቀፈውን የሻንጣ ብልቃጥ መድገም ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የድንቹን ቆጠራ በእነዚያው አሥር ከረጢቶች ላይ ይድገሙ፤ ቁጥሩ ካልቀነሰ ውሃ እያበዙ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ሁልጊዜ የረጠበ አፈር የሚያፈልቀውን ዝንብ ጥንዚዛ በልቶ አይጨርሰውም።